በዌንደል ጎጆ ውስጥ ያልረጋው ውሃ

ዌንደል ሃካላ ሞቶ የተገኘው በብርድ በረጋው የካውኮ ሐይቅ በረዶ ላይ፣ አባቱ በሠራው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ፊቱ ግን አልገረጣም፤ ከብርድ ሮጦ ቤት እንደገባ ልጅ ጉንጩ ቀልቷል። ከጎኑ የተቀመጠው ሻይ ከነኩባያው ድንጋይ ሆኗል።

ሚኔሶታ ውስጥ የበረዶ ላይ ሆኪ የሚወድ ሰው ሁሉ ዌንደልን ያውቀዋል። በወጣትነቱ ለአገሩ ቡድን በረኛ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ገባ። እዚያም ስለ ልጆች ስፖርትና ስለ በጎ አድራጎት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ሲናገር አይሰማም፤ እንደራሴዎቹ «ደግሞ በረኛው ተነሳ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። በየክረምቱ በትውልድ ከተማው ሐይቅ ላይ፣ በጨዋታ ለተጎዱ ልጆች መርጃ የሚሆን የማጥመድ ውድድር ያዘጋጃል። ዋዜማውን ብቻውን በአባቱ ጎጆ ያድራል። ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ መድረክ ላይ ሊናገር ነበር።

የወረዳው መርማሪ ኢርማ ኒስካ ስትደርስ ፀሐይ ገና ከጥዱ ጫፍ አልወጣችም። አጭር፣ ወፍራም፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ቆየች፤ ረዳቷ ኮዲ ከኋላዋ ብርዱን ለመርሳት እግሩን ያማታል።

«አለቃ፣ ሐኪሙ ከማሞቂያው የወጣ መርዛም ጋዝ ነው የገደለው ብሏል። የፊቱ ቅላት ምልክቱ ነው አለ። የጋዝ ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ እሳቱ ሌሊት ጠፍቷል።»

«የጎጆው አየር መተንፈሻዎችስ?»

«ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ጣቴን አስገብቼ አየሁ። አንደኛው አፍ ላይ ግን ይሄ ተጣብቆ ነበር።» አንዲት አረንጓዴ የሱፍ ክር አሳያት።

ኢርማ ገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን የጋዝ ማስጠንቀቂያ ተጫነችው። ደወሉ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ጮኸ፤ ኮዲ ዘለለ።

«ይሠራል» አለች። «ጎጆው አየር ያስገባል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ሰውየው ደግሞ ታፍኖ ሞቷል። ኮዲ፣ ይሄ ይገባሃል?»

«አይገባኝም።»

«እኔም አይገባኝም። የሰው እጅ አለበት።»

ጎንበስ ብላ ከሟቹ እግር ሥር በረዶው ላይ የተቆፈረውን የማጥመጃ ቀዳዳ አየች። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። በጣቷ ስትነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ በረዶ ተሰበረ። ኩባያውን አየች፣ ቀዳዳውን አየች፣ ተመልሳ ኩባያውን አየች። ባልዲው ውስጥ ከቀዳዳው የተጨለፈ የማታ በረዶ ደርቆ ተቆልሏል። ከአግዳሚው ጀርባ ወለሉ ላይ ደግሞ ገና ያልደረቀ እፍኝ የሚሞላ እርጥብ በረዶ ተደፍቷል።

«ማን ነው ያገኘው?»

«ቨርን ቶርቪክ። ቡና ሊያደርስለት ጠዋት መጣ። በሩን ከፍቶ አይቶ ጮኸ። በረዶው መዝነብ ያቆመው ከመንጋቱ በፊት ነው፤ እኔ ስደርስ ወደ በሩ የሚወስደው የሱ ዱካ ብቻ ነበር። ግን አለቃ፣ ጊዜ አናጥፋ። ዳርላ ኮቫል ትናንት ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹እንደ ልጄ ሳትነቃ ቅር!› ብላዋለች። ሸሪፉ እስከ እኩለ ቀን አስረን እንድናመጣት ይፈልጋል። ሱፉም አረንጓዴ ነው፤ የልጇ የክለብ ካልሲ ቀለም።»

«ካውኮ ውስጥ አረንጓዴ ሱፍ የሌለው ቤት አሳየኝ» አለችው ኢርማ።

ዳርላ ሐይቁ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለውድድሩ ሰዎች የዱር ሩዝ ሾርባ እያማሰለች ነበር። ያለፈው ክረምት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ታነር በጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ። ደህና ነው ተብሎ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ተሰለፈ፤ በረዶው ላይ ወደቀ፣ አልተነሳም። ዌንደል ያረቀቀው ሕግ በልጁ ስም ይጠራል።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?» አለች ዳርላ፣ ቀና ሳትል።

«ልጠይቅሽ ነው። ለምን ረገምሽው?»

«ሕጉን ሊተወው ነው አሉኛ! ፎቶ ሲነሳ የልጄን ስም እየጠራ፣ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ሊሸሽ!»

«ማን አለሽ?»

«ቨርን። አዝኖልኝ ነው የነገረኝ።»

«ዌንደልስ ምን መለሰልሽ?»

«‹እስከ ነገ እኩለ ቀን ታገሺኝ፣ ዳርላዬ› አለኝ።» ማማሰያው ቆመ። «ለቅሶ ሳይሆን እርግማን ነው የወጣኝ። አሁን እሱም የለም። ኢርማ፣ እኔ ከታሰርኩ ሕጉ አበቃለት። ‹የገዳይዋ ሕግ› ነው የሚሉት።»

«የታነር ካልሲዎች የት ናቸው?»

ዳርላ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ትራሴ ሥር። ሁለቱም። ሂጂና ቁጠሪያቸው።»

የዌንደል ረዳት ፕሬስተን የሚባል ከዋና ከተማው የመጣ ወጣት ነው፤ በስስ የቢሮ ጫማ በረዶው ላይ እንደ አዲስ ጥጃ ይንገዳገዳል።

«ማለዳ ለማን ነበር ስልክ የምትደውለው?» አለችው ኢርማ።

«ለ… ለፓርቲው። ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር ብዬ…»

«ሬሳው ሳይነሳ? ፈጣን ነህ።»

ልጁ ጆሮው ቀላ። «ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን እወደው ነበር፣ ይመኑኝ።»

«ሕጉን ሊተው ነበር?»

«ሊተው? በምን ምክንያት! ንግግር ጽፎ አያውቅም፤ መኪና ውስጥ ለኔ እየተናገረ ነበር የሚለማመደው። ሕጉ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ክለቡ ያልቀጠረው ሐኪም ሳይፈቅድለት አይጫወትም ይላል። ክለብ የሚመራ ሰው ደግሞ የተጎዱ ልጆችን መርጃ ማኅበር አይመራም፤ እርዳታ የተቀበለ ቤተሰብ ክለቡን መውቀስ ያፍራል ይላል። በንግግሩ መጨረሻ ላይ ታነርን ወደ ጨዋታ የመለሰውን ሰው በስሙ ሊጠራ ነበር።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም። ‹ቀድሜ ለራሱ እነግረዋለሁ፤ ሰው ከኋላው አልመታም› ነው ያለኝ።»

ኢርማ ወደ ሐይቁ ዞረች። ታነር ተመልሶ በተሰለፈበት ቀን ከልጆቹ ጀርባ የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሠልጣኙ ቨርንና የቡድኑ መሪ አርኒ ሃካላ፣ የዌንደል ታናሽ ወንድም። ሁለቱም በመርጃ ማኅበሩ ውስጥ አሉ። ሁለቱም ለዌንደል ቅርብ ናቸው።

ቨርን ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ትልቅ፣ ሳቂታ ሰው ነው። በልጅነታቸው እሱ ተከላካይ፣ ዌንደል በረኛ ነበሩ።

«ግቢ፣ ኢርማ፣ ሙቂ። ዕድሜሽ ለብርድ አይሆንም።»

«ያንተ ይሆናል? አብረን አይደል የተማርነው?»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «በሩን ከፍቼ ፊቱን ሳይ ገባኝ። እግሬን እንኳ አላስገባሁም። በስሙ ጠራሁት፣ ከዚያ ሮጥኩ።»

«ምንም አልነካህም?»

«ምን ልነካ? አብሮ አደጌ ሞቶ?»

«ለዳርላ ሕጉን ሊተወው ነው ያልካት አንተ ነህ?»

«ሰማሁ፣ ነገርኳት። ማን እንዳለኝ አላስታውስም። ምስኪን፣ ሐዘን ሰውን ምን አያደርግ!»

ኢርማ አመስግናው ወረደች። እኩለ ቀን እየቀረበ ነው። ሐይቁ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በየቀዳዳቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ ሸሪፉ ሁለቴ ደውሎላታል። ሁሉም በአርኒ ትልቅ ጎጆ እንዲሰበሰቡ አደረገች። አርኒ ጎጆ የሚያከራይ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ዳርላ በር አጠገብ ቆመች፣ ኮዲ ከጎኗ። ፕሬስተን ጥግ ያዘ። ቨርን አግዳሚው ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ። ኢርማ የቀዳዳውን ክዳን አነሳችና ማሞቂያውን አጠፋችው።

«ምነው እቴ፣ በብርድ ልትጨርሽን ነው?» አለ ቨርን።

«ላብ ያለበት ሰው ካለ ይቀዝቅዝለት ብዬ ነው» አለች ኢርማ። «እንግዲህ ስሙኝ። ዌንደልን የገደለው ጋዝ ነው። ጋዝ ደግሞ አየር በሚገባበት ጎጆ አይገድልም። ስለዚህ ማታ በረዶው ሲወርድ አንድ ሰው መጥቶ መተንፈሻዎቹን ከውጭ በሱፍ ደፈናቸው። ያ ሰው ቀደም ብሎ ውስጥ ገብቶ የደወሉን ባትሪ አውጥቷል፤ ዌንደል ሊያስገባውና አብሮት ሊቀመጥ የሚችል ሰው ነው ማለት ነው። ጠዋት ተመልሶ ሱፉን ነቀለ፣ ባትሪውንም መለሰ። ልቡ ደክሞ ሞተ እንዲባል።»

«ዳርላም ማታ አብራው ነበረች» አለ ቨርን፣ በቀስታ።

«መጠጥ ቤት ውስጥ። ጎጆው ውስጥ አልገባችም፤ አርኒ እስከ ቤቷ አድርሷታል። አይደል አርኒ?»

«እያለቀሰች ነበር» አለ አርኒ። «እስክትተኛ ሚስቴ አብራት ቆየች።»

«ጠዋት የመጣው ሰው ግን» አለች ኢርማ፣ «አንድ ነገር ረሳ። እሳቱ ሌሊት ነው የጠፋው። ሻዩ ድንጋይ ሆኗል። ቀዳዳው ግን ክፍት ነው! በዚህ ብርድ ቀዳዳ ሰው በረዶውን ካልጨለፈለት ይደፈናል፤ ይሄን የካውኮ ሕፃን ያውቃል። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ከሬሳው ጎን ተቀምጦ ቀዳዳውን ጠርጓል።»

ፕሬስተን አፉን ከፈተ። «ለምን ብሎ?»

«ለምንም ብሎ አይደለም። አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ አይገባህም። እዚህ ያደገ ሰው ቀዳዳ አጠገብ ከተቀመጠ እጁ ዝም አይልም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁ ይጨልፋል። የሃካላ ልጆች ባልዲ ውስጥ ነው የሚደፉት፤ አባታቸው ወለሉ ይበሰብሳል እያለ ይቆጣቸው ነበር። የጠዋቱ በረዶ ግን የተደፋው ከአግዳሚው ጀርባ ነው።»

ንግግሯን አቆመች። በዝምታው ውስጥ አንድ የለመዱት ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ሻካራ፣ ዝግ ያለ፣ ክርር ክርር የሚል። አርኒ ቀስ ብሎ ዞረ።

ቨርን ዓይኑ ኢርማ ላይ ተተክሎ፣ ቀኝ እጁ ባለቀዳዳውን ጭልፋ ይዞ፣ የረጋውን በረዶ እየጠረገ ነበር። ጨለፈ፣ ሳያይ ወደ ኋላው፣ ከአግዳሚው ጀርባ ደፋው። ባልዲው እግሩ ሥር ነው።

የሰውን ዓይን ሲያይ እጁን አየ። ጭልፋው ከእጁ ወደቀ።

«በረዶው መዝነብ ካቆመ በኋላ በዚያ በር የገባው ዱካ ያንተ ብቻ ነው፣ ቨርን» አለች ኢርማ። «‹እግሬን አላስገባሁም› አልከኝ።»

«ልማድ ነው…» አለ። ድምፁ የራሱ አይመስልም። «ባትሪውን መልሼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቀዳዳው ሲዘጋበት ማየት አልቻልኩም።»

«ገድለኸው?» አለ አርኒ። «ወንድሜን ገድለህ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ቤቴ መጥቶ ነገረኝ እኮ! ‹ነገ ስምህን እጠራለሁ፣ ቀድመህ ራስህ ተናገር› አለኝ። ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳሠለጥን፣ ለተጎዱት ገንዘብ ስለምን፣ በአንድ ቀን ስህተት… ልጁ ራሱ ‹ደህና ነኝ› ነው ያለኝ!»

«አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር» አለች ዳርላ። «አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ አሠልጣኙ ሲጠይቀው ምን ይላል?»

ቨርን ዓይኑን ወደ ቀዳዳው መለሰ። ኮዲ ሲያስነሳው እንደ ታዛዥ ልጅ ተነሳ፤ መተንፈሻዎቹ የተደፈኑባቸው አረንጓዴ ካልሲዎችም የክለቡን ዕቃ በሚያመላልስበት ከረጢት ውስጥ፣ ገና እርጥብ ሆነው፣ ፒክአፑ ላይ ተገኙ።

ሌሎቹ ወጡ። ፕሬስተን በር ላይ ቆየ። «ወይዘሮ ዳርላ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ያለ ዌንደል ድምፅ ሕጉ ላያልፍ ይችላል። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ የሚናገር እየጠበቀ ነው።»

«እኔ መናገር አልችልም።»

«አንቺ ካልተናገርሽ ዛሬ ማታ ሰው የሚያወራው ስለ ቨርን ብቻ ነው» አለች ኢርማ።

ዳርላ የወጥ ቤት ሽርጧን እንዳጠለቀች መድረኩ ላይ ወጣች። ነፋሱ ድምፅ ማጉያውን ያስጮኸዋል። ሰዎቹ ከየቀዳዳቸው ቀና አሉ።

«ልጄ ታነር ይባላል» አለች። «መጀመሪያ ሲመታ የጨዋታው አዳራሽ ሙሉ ነበር። ሲንገዳገድ ያየ ሰው ነበር። ተመልሶ ሲሰለፍም ያየ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ታስሯል፤ ዌንደልን ስለ ገደለ ነው እንጂ ለልጄ አይደለም። ለልጄ ማንንም እንዲያስሩልኝ አልጠይቅም። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ግን እጃችሁን አውጡልኝ። ልያችሁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አንዱ ሌላውን በጎን ያያል።

ከመድረኩ ሥር፣ ከሕዝቡ ፊት፣ ኢርማ ኒስካ ጓንቷን አወለቀች። እጇን አወጣች። ከኋላዋ አርኒ አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደተከተለ ለማየት አልዞረችም፣ ዓይኗን ዳርላ ላይ እንደተከለች ቆመች። የዳርላ ዓይን ግን ከኢርማ ትከሻ በላይ፣ ከአንዱ የተነሳ እጅ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሩቅ፣ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ድረስ ቀስ እያለ ሄደ።