ወገቧን ይዛ

ተናኘወርቅ ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ትጠላው ነበር። ጠዋትማ ደህና ናት። ከሰዓት በኋላ ግን ከትከሻዋ የሚነሳው ሕመም በአከርካሪዋ ቁልቁል ወርዶ ወገቧ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም አይነሳም።

መሥሪያ ቤቷ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ መውረጃ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ነው። የጽሕፈት መኪናዋ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው ይላሉ። ምን ለሚያህል ሰው እንደተሠራ እንጃ፣ እሷ ስትቀመጥ ደረቷ ድረስ ይመጣል። ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ ክንዶቿን እንደ ክንፍ ከፍታ ትመታለች። ትራስ ደርባ ብትቀመጥ እግሯ መሬት ይለቅና እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል፤ ያኔ ወገቧ ይብስበታል።

ለክፍሉ ሹም ለአቶ ወልደሥላሴ ደጋግማ አመልክታለች።

«ጌታዬ፣ ጠረጴዛው ወገቤን ጨረሰው።»

«የመንግሥት ሥራ ፍራሽ መሰለሽ እንዴ?»

«ሌላ ቢቀየርልኝ ብዬ ነው።»

«ጠረጴዛ በማዕረግ ነው የሚታደለው። ቁጥር አለው። ቁጥሩ በስምሽ ነው። ትለምጂዋለሽ።»

«ትለምጂዋለሽ» የምትለው ቃል ከሕመሙ ይልቅ ታንገበግባት ነበር። አክስቷ ዋግምት አስነቅላታለች፤ ወጌሻ አሽቷታል፤ ጠበል ተጠምቃለች። ሰኞ ተመልሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ደምመላሽ ወደዚያ ክፍል የተዛወረው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ረጅም፣ ቀጭን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። የተሰጠው ከእሷ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ነበር፤ ያ ደግሞ አጭር ነው። ገና ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመሳቢያው ጋር ተላተመና የቀለም ብልቃጡ ተንከባለለ።

ተናኘወርቅ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ይቅርታ።»

«የለም፣ ሳቂ። ጉልበቴ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም።»

ከዚያ በኋላ አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር ፊት ለፊት ያያታል። እሷም እንደሚያያት ታውቃለች፤ ጣቶቿ ፊደል ይስቱባታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከወንበሯ ስትነሳ ፊቷን አጨፍግጋ እጇን ወገቧ ላይ ስታደርግ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንቺ አይደለሽም የታመምሽው» አላት። «ጠረጴዛው ነው።»

ተናኘወርቅ ትኩር ብላ አየችው። ይህን ያላት ሰው አልነበረም። ጠንቋይ እንጥራልሽ ያሏት ነበሩ፤ ሥራ ጠልተሽ ነው ያሏት ነበሩ። ያመናት ግን እሱ ብቻ ነው።

«የእኔ ላንቺ ልክ ነው፣ ያንቺ ለእኔ» አለ፤ ጠረጴዛዎቹን ማለቱ ነበር። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ሌላ ነገር ሰሙበትና ፊታቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ።

አብረው ገብተው ጠረጴዛ እንዲለዋወጡ ጠየቁ። አቶ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩም አብሮ ይዛወራላ» አለ ደምመላሽ።

«የታይፒስት ጠረጴዛ በጸሐፊ ስም? የጸሐፊ በታይፒስት? ሂዱ፣ ሥራችሁን ሥሩ!»

በዚያ ምሽት እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሸኛት። በነጋታውም ሸኛት። የአቶ ወልደሥላሴን አነጋገር እያስመሰለ ያስቃታል፤ ስትስቅ ሕመሙ ወገቧን ይቆነጥጣታል፤ ያም ሆኖ ትስቃለች። ዓመቱ ሳይጋመስ ሽማግሌ ሊልክ አሰበ።

«መጀመሪያ ግን እናቴ ትይሽ» አላት።

እሑድ፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ሲወጣ፣ እናቱ እትዬ በለጠች ጥቁር ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቋት። ተናኘወርቅ የሳምንቱን ጽሕፈት ጨርሳ፣ ቅዳሴውንም ቆማ ነበር የመጣችው። እጅ ልትነሳ ጎንበስ ስትል ወገቧ እንደ ምሰሶ ደረቀ። እንደቆመች ቀረች። እጇም ሳታዘው ወገቧን ያዘ።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ።

ሰኞ ደምመላሽ ዓይኗን ሸሸ። ወደ ድልድዩ ሲወርዱ አስጨንቃ ጠየቀችው።

«ምን አሉ?»

«ወገቧን ይዛ ቆመችብኝ አለች።»

«አሟት ነው አላልካቸውም?»

«ልል ነበር። ቀደመችኝ። "ጥጋብ ከሆነ በምክር ይመለሳል፤ በዚህ ዕድሜዋ ወገቧን የምትታመም ከሆነ ግን ምን ልጅ ልትወልድልህ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ምን ልበል?»

«ስለዚህ ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

«ወይ ጥጋበኛ፣ ወይ መካን። ሌላ ምርጫ የለኝም ማለት ነው?»

«ተናኘ፣ ትንሽ ታገሺ...»

«አንተም ትለምጂዋለሽ ልትለኝ ነው?»

ጥላው ሄደች። በፍጥነት ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ወገቧ ግን አልፈቀደላትም። ቁጣዋን ይዛ በዝግታ እየተራመደች ድልድዩን ስትሻገር ከኋላዋ እንደሚያያት አወቀች፤ ያም አናደዳት።

ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተነጋገሩም። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ፣ ሕመሙ ስላዘገያት ያልጨረሰችውን ደብዳቤ ልትጨርስ ቀረች። ደምመላሽ ገባ። ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና ጠረጴዛዋ ሥር ተንበረከከ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ቆርቆሮ ፈትቶ አሳያት።

«ጠረጴዛ መለዋወጥ ክልክል ነው» አለ። «ቆርቆሮ መለዋወጥ ክልክል ነው ያለ ግን የለም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ቁጥሮቹን አለዋውጠው ገጠሙ፤ ጠረጴዛዎቹን ገፍተው ቦታ ቀያየሩ። የጽሕፈት መኪናውን አጭሩ ላይ አስቀመጠላት፤ ኮቱን አጥፎ ከወገቧና ከወንበሩ መደገፊያ መካከል ሸጎጠላት። አንገቷን አቀርቅራ እያነበበች እንዳትጽፍ ካርቶን አጥፎ ለወረቀቷ ማቆሚያ ሠራላት።

«በይ ምቺ።»

መታች። ትከሻዋ በራሱ ወረደ። ክንዷ ከጎኗ ዐረፈ፤ እግሯ ወለሉን ረገጠ። አንድ መስመር ጻፈችና እንባዋ መጣ።

«ምነው? አሁንም አልተመቸሽም?»

«ተመችቶኛል» አለች በቁጣ። «እንዲህ ቀላል ነበር! ለዚህች ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ የተሠቃየሁት!»

እጇን ያዘ። አላስለቀቀችውም።

ሰኞ አቶ ወልደሥላሴ ገብተው አንድ ነገር እንደተለወጠ ገመቱ፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላቸውም። ጎንበስ ብለው ቁጥሮቹን አነበቡ። ሁለቱም በየስማቸው ናቸው።

«አየሽ፣ ለመድሽው» አሏት ሲወጡ።

ሕመሙ ባንድ ጊዜ አልለቀቃትም። በየመሐሉ ብድግ ብላ እስከ መስኮቱ መሄድ ጀመረች፤ እያደር ሳሳ፣ ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳይመጣ ቀረ።

ሕመሙ በቀረበት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ በለጠችን እዚያው ደረጃ ላይ አገኘቻቸው። ደምመላሽ አጠገባቸው ቆሟል። ጉልበታቸው ድረስ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ይኸው!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ይታጠፋል እኮ! ጥጋብ ነበር ማጎንበስ ያስጠላት፤ ቁጣዬን ስትሰማ ተመለሰች!»

ደም ወደ ፊቷ ወጣ። እጇ ሳታስበው ወገቧ ላይ ዐረፈ። ደምመላሽ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደግሞ ያዘችው!»

«እትዬ፣ ያን ዕለት የያዝኩት አሞኝ ነው። የምሠራበት ጠረጴዛ ከልኬ በላይ ሆኖ ወገቤን ጎድቶት ነበር። ማጎንበስ ጠልቼ አይደለም፤ አቅቶኝ ነው።»

«አሁንስ ያምሻል?»

«ድኛለሁ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ያዝሽው?»

«ተናድጄ ነው።»

ሴትዮዋ እንደገና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ጃንጥላቸውን ለልጃቸው ሰጡና ክንዳቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«በይ ደግፊኝ» አሉ። «ይኼ ደረጃ ጉልበቴን ጨርሶታል። ለዚህ ልጅ ስነግረው ትለምጂዋለሽ ይለኛል።»

ተናኘወርቅ ዞር ብላ ደምመላሽን አየችው። እሱ የጃንጥላውን እጀታ መመርመር ጀመረ።

«እንዲህ ይላል?»

«ይላል እንጂ!»

ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በየደረጃው ትንሽ እያረፉ ወረዱ።