በጭቃ የተደፈነ አገዳ

«ይኼ ደረቅ ሁሉ ታጭዶ ይቃጠል!» አለ የክፍሉ አለቃ፣ ማጭዱን እንደ ጄኔራል ወደ አትክልቱ ጥግ እየቀሰረ። «ነገ ወላጆች ሲመጡ ጫካ ልናሳያቸው ነው እንዴ?»

አትክልቱ የባዮሎጂ መምህርቷ አገር በቀል ዕፅዋት ብቻ ያስተከሉበት ቦታ ነው። ወፉም ነፍሳቱም እንዲመጣ፣ ተማሪውም ከክፍል ወጥቶ እንዲማር ብለው ነበር። ዛሬ እሳቸው ስብሰባ ገብተዋል፤ ጽዳቱ ለአለቃው ቀርቷል።

ከተማሪዎቹ አንዷ መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

በትምህርት ቤቱ «ዜና» ነው የሚሏት። ሩቅ አገር አድጋ አማርኛን የለመደችው ከአባቷ መጻሕፍት ስለሆነ፣ አፏን ስትከፍት ሬዲዮ የምታነብ ትመስላለች። በመጀመሪያው ሳምንት «ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ይገኛል?» ብላ ጠይቃ ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ራሷን በመነቅነቅ ነው የምትግባባው።

ምሳዋን የምትበላው ከደረቁ አገዳዎች ጀርባ ነው። እዚያ አንዲት ንብ ታውቃለች። ቀፎ የላትም፤ አብራት የምትበርም የለችም። ክፍት አገዳ መርጣ ትገባለች፣ ቢጫ የአበባ ዱቄት ታከማቻለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ ጭቃ በአፏ እያመላለሰች በሩን ትደፍናለች። መጀመሪያ ያየቻት ቀን ምሳዋ ሳይነካ ደወል ተደወለ። ለማንም አልነገረችም። ለማን ብላ?

አሁን ጎንበስ ብላ ጫፋቸው በጭቃ የተደፈነ ጥቂት አገዳዎችን ሰበር ሰበር አደረገችና ሹራቧ ውስጥ ወሸቀች።

«አንቺ፣ ምን እየደበቅሽ ነው?» አለቻት ቁንዶ የሚሏት አጭር ልጅ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ኧረ ተዪያት፣ ዜናው ገና አልደረሳትም» አለ አንዱ። ተሳሳቁ፤ ወዲያውም ረሷት።

እነዚህን ይዛ ብትሄድ የሚያውቅባት የለም። በረንዳቸው ላይ ታስቀምጣቸውና እስኪፈለፈሉ ብቻዋን ታያቸዋለች። ብቻዋን ማየት እንደሆነ ለምዳዋለች። ወደ ግቢው በር ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ የማጭድ ድምፅ ሰማች። ዞረች።

የመጀመሪያው ጭብጥ ወድቋል። አንዱ አገዳ ተሰንጥቆ ቢጫ ዱቄት መሬት ላይ ፈሷል፤ ዱቄቱ መሃል የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ትል፣ የንቧ ልጅ፣ ትንፈራገጣለች። አለቃው ትሏን አላያትም። ጫማው አጠገቧ ነው። ቁንዶ ደግሞ ክብሪቷን ከኪሷ እያወጣች ነው።

ልጅቷ የያዘችውን አየች፤ የቀሩትንም አየች። ሹራቧ የሚችለው አንድ ጭብጥ ብቻ ነው፤ ጥጉ ሙሉ ነው።

«እባካችሁ ለአፍታ ታገሡ!»

ድምፅዋ እንደፈራችው ሆኖ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ የተቀረጸ የሚመስል።

«ወይኔ፣ ዜናው ጀመረ!» አለ ያው ልጅ፣ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አለቃው ሳይቀር ማጭዱን ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

ጆሮዋ ጋለ። እግሯ ወደ በሩ ሊወስዳት ፈለገ። ሳቁ እስኪያልቅ ግን ቆመች፤ ረጅም ሳቅ ነበር። ከዚያ ሄዳ በአለቃው ጫማና በትሏ መካከል ተንበረከከች፤ አገዳዎቿን ከሹራቧ አውጥታ አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደረች።

«አዎ፣ ዜና ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ቀረብ በሉ።»