የፎቶ ቤቱ የብር ውሃ

ፎቶ አንሺው ኤቫሪስቶ ረፋድ ላይ በጨለማ ክፍሉ ወለል ላይ ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ሮምን ሊያይ ለሚጎርፈው እንግሊዝ የጥንት ሐውልት ምስል በወረቀት የሚቸበችብ፣ ምስጋና የማያውቅ ሰው ነበር። ለወረቀቱ መቀቢያ ያን ሁሉ እንቁላል ሰብሬ ነጩን የለየሁለት እኔ ነኝ፤ ሞተ ብዬ ቅዱስ አላደርገውም።

መርማሪው ሳንቶሪ ሲደርስ፣ የሟቹ ወንድም ቴዎዶሮ ምስሉን ከሚሸጥበት ሱቅ ወጥቶ የፎቶ ቤቱን ረዳት የናዛሬኖን አንገትጌ ጨምድዷል።

«ገዳዩ ይኸው ጌታዬ። ጣቱ እንደ ልቡ ጥቁር ነው። የኔን እጅ እይ፣ ንጹሕ።»

«የሥራዬ ጥቁረት ነው» አለ ናዛሬኖ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ስቅላቱ ታይቶት ከንፈሩ ደርቋል። «አንተ መሸጡን እንጂ ሥራውን የት ታውቀዋለህ።»

«ዝም በል ቴዎዶሮ» አለች መበለቷ ኤርሲሊያ። «ምስል የተነሣባቸውን መስታወቶች ሰርቀህ ለተቀናቃኙ ፎቶ አንሺ መስጠትህን ባሌ ደርሶበት ትናንት ሲያዋርድህ ሰምቻለሁ።»

«አንቺስ? ስንቴ በሞተልኝ ብለሻል።»

«ብያለሁ። አላፍርበትም።»

ሳንቶሪ ፋኖስ ይዞ ናዛሬኖን ወደ ጨለማው ክፍል አስገባው። «ይህ ገንዳ ምንድን ነው?»

«የብር ውሃ ነው፤ መስታወቱን እንነክርበታለን። ጠዋት እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። አሁን ነጭ ዝቃጭ ይዟል፤ ቆሻሻ ገብቶበታል።»

«ፀሐይ ሲያገኘውስ?»

ናዛሬኖ የመለሰለትን እኔም አውቀዋለሁ። በዚያ ቤት የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሳንቶሪ ወጥቶ አራታችንንም በግቢው ፀሐይ፣ በእንቁላል ጠረጴዛዬ ላይ እጃችንን አስዘረጋን። ቆየን።

«እንግዶች ይጠብቁኛል» አለ ቴዎዶሮ።

«ይጠብቁ። ገዳዩን ደም ነክቶታል። በጨለማ ውስጥ ውሃ የመሰለ ነገር አገኘና ታጠበበት፤ ገንዳውን ያበላሸው ያ ደም ነው። ናዛሬኖ ቢሆን እጁን እዚያ አያጥብም። ሲኞራ ኤርሲሊያ ከባሏ ጋር መስታወት ስትነክር ኖራለች። ይህች እንቁላል ሰባሪም ታውቃለች። የብር ውሃ ቆዳ ላይ አይታይም፤ ፀሐይ ሲያየው ግን ይጠቁራል፣ ሳሙናም አያስለቅቀውም።»

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። የናዛሬኖ ጥቁረት ከጣቶቹ ጫፍ አላለፈም። የኤርሲሊያና የእኔ እጅ እንደነበረ ነው። የቴዎዶሮ ግን እስከ አንጓው ቡናማ ሆኗል፤ እያየነው ጠቆረ። ወደ ኪሱ ሊሰደው ሲል ሳንቶሪ ያዘው።

ናዛሬኖ የተጨማደደ አንገትጌውን አቀና።

«አሁን ሥራውን አወቅኸው» አለው።