የካራቴው ፊልም አስተርጓሚ

«ታረቁ በል! ምን ቸገረህ፣ ዝም ብለህ ታረቁ በል!» ዋለ በተዘጋ ጉሮሮው በጓደኛው በተገኘ ጆሮ ሥር ይንሾካሾካል።

ተገኘ ድምፅ ማጉያውን ሊወረውርበት ምንም አልቀረው። በ1966 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ የገባው የካራቴ ፊልም ሰዉን አሳብዶታል። የስምንተኛ ክፍል ወንድ በሙሉ በር የሚከፍተው በእርግጫ ነው። ፊልሙ በቻይንኛ ስለሆነ፣ ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ የሚያስተረጉመው ዋለ ነበር። መጨረሻው ላይ ጀግናው የወንድሙን ገዳይ ጥሎ ቡጢውን ሲያነሳ ሥዕሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚናገረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዋለ ማንበቡ ቢያቅተው «ይቅር ተባብለው ታረቁ» ብሎ ፈጠረ። ሕዝቡ በእልልታ ወጣ።

ይኸው ዛሬ ጉሮሮው ተዘጋና ሥራውን ተገኘ ላይ ጣለው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የሰው ጠብ ማብረድ የማይሰለቻቸው የተገኘ አባት፣ አቶ ጠና፣ «የእርቅ ፊልም መጥቷል» ሲባል ሰምተው በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ከሞርሲቶ ድረስ ይዘው መጡ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርገው ፊልሙ በሚታይበት በአቶ ወልደኪዳን እህል መጋዘን ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል።

«አባባን እንዴት ልዋሻቸው?»

«እኔንስ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? ጓደኛዬ አይደለህም?»

«ዝም በል እስቲ! አንተ ባመጣኸው ጣጣ!»

ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አቡጀዲ ላይ ቡጢው ተነሳ። ሥዕሉ ቀጥ አለ። ጽሑፉ መጣ፤ ተገኘ አነበበው።

«እህ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ጠና። «ንገራቸው እንጂ። እንዴት ሆኑ?»

ሁለቱ ጎረቤቶች አልተያዩም። ዋለ የተገኘን ሸሚዝ ከኋላ ጨምድዶ ያዘ። ውሸቱ የዋለ፣ መልሱ የሚጠበቀው ግን ከእሱ! ተገኘ ብግን አለ። እውነቱን ቢናገር ጓደኛው ይዋረዳል፣ የአባቱም ድካም ገደል ይገባል። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አልታረቁም» አለ። «ገደለው። እሱም በፍርድ ተሰቀለ።»

መጋዘኑ ተንጫጫ። «ባለፈው ታረቁ ተብሎ የለም እንዴ!» አለ አንዱ። ዋለ ሸሚዙን ለቀቀ።

ተገኘ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ሁለቱን ጎረቤቶች ሳይሆን አባቱን እያየ ጨመረ።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሸምጋይ አልመጣላቸውም፣ አባባ።»