ከፈንታ ካሴት የቆረጥኩት

እኔ እንኳን መንፈስን የአየር ትንበያንም የማላምን ሰው ነኝ፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ፣ በረዶ ይጥላል ሲሉኝ እጄን በመስኮት አውጥቼ ካላረጋገጥኩ አላምንም ነበር፣ ስለዚህ አሁን የማወራህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ «ይሄ ሽማግሌ ዛሬ መድኃኒቱን ሳይውጥ ቀረ እንዴ?» ብዬ እስቅ ነበር፣ እመነኝ።

መጀመሪያ ፈንታን ላስተዋውቅህ። የጋይንት ገጠር አዝማሪ ነው፣ ልጁ ብርቱካን በስተርጅናው እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ቡርንስቪል አምጥታው፣ ማሲንቆውን በመታ ቁጥር የአፓርታማው ጎረቤት ግድግዳ የሚደበድብበት። እዚህ ማን ሰማው? ለልደት ይጠሩትና አንድ ዘፈን ሳይጨርስ «ዲጄው መጥቷል፣ አባባ አረፍ ይበሉ» ይሉታል። ባለፈው ዓመት ሲሞት ግን ለቅሶው ላይ ስለ ታላቅነቱ ብዙ ተናገርን፣ ንግግሩን ከሁሉ ያስረዘምኩት እኔ ነበርኩ፣ በሕይወቱ ሳለ ማሲንቆውን ሲያነሳ ሰዓቴን የማየው ሰውዬ።

ስቱዲዮ ገብቶ አያውቅም። የቀረው አንድ ካሴት ነው፣ አገሩ ሳለ ሠርግ ላይ የተቀዳ። «ኮምፒውተር ላይ አስገባዋለሁ፣ እኔ እያለሁ ፈንታ አይጠፋም» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከብርቱካን ወሰድኩት። ላይብረሪ ሄጄ ትንሽ ተምሬያለሁ፣ ትንሽ የተማረ ሽማግሌ ደግሞ ጨርሶ ካልተማረው ይብሳል።

የአዝማሪን ነገር ታውቃለህ፤ አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ ግጥም ተቀብሎ ያዜመዋል። እኔ ሊቁ አሰብኩና፣ ፈንታ ግጥሙን ከደገመው የሰጪው ድምፅ ምን ይሠራል፣ ጫጫታ ነው፣ አልኩ። ሳሉን፣ የውሻውን ጩኸት፣ ግጥም የሚሰጡትን ሰዎች ሁሉ ዲሊት አደረግኩ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ግጥሟን እየሳቀች የሰጠችው፣ እሷንም ቆረጥኳት። ፈንታ የእሷን ሲቀበል ድምፁ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። «ጎሽ፣ አሁን ጠራ» ብዬ እዚያው ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት። በማግስቱ ካሴቱን እንደገና ልስማው ብል አሮጌው ቴፕ በላው፣ ቁርጥራጩን እየጎተትኩ አውጥቼ ጣልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብርቱካን ደወለች። የአዛውንቶች መጦሪያ ሺፍቷን ጨርሳ ወደ እኔ፣ ወደ ሴንት ፖል፣ እየነዳች ነው።

«ጋሼ፣ አለቀ?»

«አልቋል፣ እንደ መስተዋት ጠርቷል።»

«እማዬ አለችበት አይደል? በዚያ ሠርግ ግጥም ሰጥታኛለች ይል ነበር አባዬ። ስትሞት ሁለት ዓመቴ ነው፣ ድምጿን አላውቀውም እኮ። ጋሼ? ሄሎ?»

«ኔትወርኩ ነው» አልኳት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

ድምጿ ቢጠፋም ግጥሟ በፈንታ አፍ አለ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ቦታው ላይ ስደርስ ማሲንቆው ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይዞራል፣ ግጥም እስኪሰጠው የሚጠብቅ አዝማሪ እንደሚያዞረው፣ ፈንታ ግን አይዘፍንም። ሌላውን አየሁ፣ ሰው የቆረጥኩበት ቦታ ሁሉ እንደዚያው ነው። የፈንታን አንድ ቃል አልነካሁም፣ እውነቴን ነው። መሃል ላይ የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሲጥ ይላል፣ አንዴ ደግሞ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ ግን ሳል የተባለውን ሁሉ አጥፍቼ ነበር። ላልተሰጠው ግጥም አዝማሪ ምን ብሎ ይዘፍናል?

ብርቱካን ገባች፣ በረዶ የያዘውን ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ፈሪ ነኝና ያጠፋሁትን ሳልነግራት አስደመጥኳት። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ማለቁን ያሳያል፣ መስመሩ ጥግ ደርሶ ቆሟል፣ ማሲንቆው ግን ይዞራል።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለች።

ያኔ ነገርኳት።

«እሺ፣ ምን ብላ ነበር? ግጥሟን ይንገሩኝ።»

«አላስታውሰውም።»

«ሰምተውት ነው የቆረጡት?»

«ሰምቼ ነው፣ ልጄ።»

ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ሄደች፣ ደህና ይሁኑም አላለችም። ከሳምንት በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ እኔ ራሴ ግጥም ሰጠሁት፣ በዚህ በተሰባበረ አማርኛዬ» አለችኝ፣ ከዚያ «አልተቀበለኝም» ብላ ዘጋችው።

እኔም ዘንድ ቅጂው አለ። የሴትዮዋን ግጥም ላስታውስ ስታገል ሳቋ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ቆልፌ፣ ፋይሉን ከፍቼ፣ የራሴን ግጥም ሰጠሁት፦

ቆርጦ ጥሎ የሚስትህን ቃል፣
ሽማግሌ ሞኝ የት ይደበቃል?

ማሲንቆው ቆመ። ደጋኑ ጭራው ላይ እንዳረፈ ይታወቃል፣ የሰው ትንፋሽም ይሰማኛል። ሰምቶኛል፣ በዚህ አትጠራጠር። ከዚያ ግጥሜን ሳይቀበል ማዞሩን ቀጠለ።