እየከበደ የሄደው መጽሐፍ

ይህን ታሪክ እኔ አልፈጠርኩትም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። የነገረኝ የአክስቴ ባል ጋሼ ይመር ነው፤ ቀልድ የማይወድ፣ ማውራት እንኳ የሚደክመው ሰው።

ጊዜው 1970 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ። ቦታው መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የነበረ የቀበሌ ንባብ ቤት።

ይመር መጽሐፍ ጠባቂ እሆናለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ከወሎ መጥቶ አሥራ ሰባት ዓመት አትክልት ተራ የተሸከመ ኩሊ ነበር። ድንች በለው፣ ሽንኩርት በለው፣ ትከሻው ላይ ካረፈ ኪሎውን ይነግርሃል። ነጋዴው ባህረዲን ሚዛኑን ሲጠራጠር የሚጠራው እሱን ነበር።

አንድ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች ጠሩትና ከአንድ ቤት ጆንያ ሙሉ መጽሐፍ አሸከሙት። የቤቱን ልጅ ማታውን ወስደውታል። ይመር ምንም አልጠየቀም። ያን ጊዜ ማን ይጠይቃል?

ጆንያው ቢበዛ ሠላሳ ኪሎ ነው። ለሱ እንደ ምንም።

ግን ቀበሌው በር ላይ ሲደርስ... ወገቡ ቀጭ አለ።

ሸክም በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ከባድ ዕቃ ካነሳህ ሁለተኛ አትቆምም አለው። ቤት ውስጥ ሚስትና ሦስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ማዕረግ፣ ይመር በልጅነቱ ፊደል መቁጠሩን ሲሰማ፣ ከየቤቱ የተሰበሰበውን መጽሐፍ እንዲጠብቅ አደረገው። እንጀራው እንዲህ ከወገቡ ወደ ዓይኑ ተዛወረ።

መጽሐፎቹን የደረደረው በኩሊ ሙያ ነው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። የማታ ተማሪዋ ራዲያ እየሳቀች "ጋሼ ይመር፣ ግማሽ ኪሎ ታሪክ ይስጡኝ" ትለው ነበር። ሳያይ መዝኖ ይሰጣታል።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። የባለቤቶቹ ስም አይታይ ተባለ። ይመር የዱቄት ሙጫ በጥብጦ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በየስሙ ላይ ሲለጥፍ ሦስት ቀን ሰነበተ። አንድ ጥቁር የሒሳብ መጽሐፍ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "በሪሁን ከተማ" ይላል። ያ መጽሐፍ ወገቡን ከሰበረው ጆንያ የወጣ ነው።

ለጠፈበት።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ገቡ። እትዬ አልጋነሽ ይባላሉ፤ የበሪሁን እናት ናቸው። ማንበብ አይችሉም።

"ወንድሜ... የልጄ መጽሐፍ እዚህ አለ?" አሉ በሹክሹክታ።

"የለም፣ እትዬ።"

"ስሙን ጽፎበታል።"

"ስም የተጻፈበት መጽሐፍ አይታይም እዚህ።"

ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ያሳፈረውም እሱ ነው። ሴትዮዋ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስኪዘጋ ቆይተው ሄዱ።

ይመር ጥቁሩን መጽሐፍ ወደ ቦታው ሊመልስ አነሳው።

ኪሎ ተኩል የነበረው መጽሐፍ... ሦስት ኪሎ ሆኗል።

ድካም ነው ብሎ ተወው። በማግስቱም መጡ። አሁንም የለም አላቸው። መጽሐፉ ስድስት ኪሎ ገባ።

ራዲያን ጠርቶ አንሺው አላት። በሁለት ጣቷ አነሳችው።

"ምን ሆነ?"

"አይከብድም?"

"ኧረ ቀላል ነው፣ ጋሼ።"

በአምስተኛው ቀን የመደርደሪያው ጣውላ ተሰበረ። መጽሐፉን እየጎተተ ወደ ጥግ ሲወስደው ሩብ ኩንታል ሆኗል። ማታ ቤቱ ሲተኛም ያው ክብደት ትከሻው ላይ አለ። ፈራ። ከመፍራቱ ይልቅ ግን ደከመው።

ዓርብ ቀን ጓድ ማዕረግ መጣና ነገ በሁለት ሰዓት ቆጠራ አለ አለው። አንድ መጽሐፍ ከጎደለ ወደ አትክልት ተራህ ትመለሳለህ አለ። በዚያ ወገብ መመለስ ማለት መሞት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ዝናብ ይጥላል። እትዬ አልጋነሽ በስብሰው ገቡ። ዛሬ ስለ መጽሐፍ አልጠየቁም። ፊቱ ቆመው አዩት።

"ይከብድ ነበር?"

"ምኑ፣ እትዬ?"

"ጆንያው... በመስኮት አይቼሃለሁ።"

እስከዛሬ የለም ሲላቸው ሁሉ፣ የተሸከመው እሱ መሆኑን እያወቁ ነበር።

ይመር ወደ ጥጉ ሄዶ ተንበረከከ፤ ጣቱን በውሃ እያራሰ ወረቀቱን ላቀቀው። ስሙን አነበበላቸው። ጣታቸውን ይዞም ፊደሎቹ ላይ አኖረላቸው። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ያን ጊዜ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር።

"ይውሰዱት" አላቸው።

መጽሐፉን በአንድ እጃቸው አነሱት። እንደ ሕፃን ጀርባቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው አዘሉት፤ እሹሩሩ እያሉ ወጡ። ይመር በር ላይ ቆሞ ሸኛቸው። ቅጠል የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው...

እግራቸው ግን ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጥ ነበር።

ያን ሌሊት ወገቡን ሳያመው አደረ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ንባብ ቤቱን ከፈተ። ጥቁሩ መጽሐፍ የነበረበት ክፍተት እንዳይታይ አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ሊያጠጋ እጁን ሰደደ። ሩብ ኪሎ የማትሞላ ቀጭን መጽሐፍ ናት።

አልነቃነቅ አለችው።

በሁለት እጁ ሳባት። እምቢ አለች። የሚቀጥለውን ሞከረ። ከላይ ሞከረ፣ ከታች ሞከረ... ወረቀት ከለጠፈባቸው ውስጥ አንድም የሚነሳ የለም።

ጓድ ማዕረግ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ይመር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጥቂት አሰበ። ሚስቱን አሰበ፣ ልጆቹን አሰበ። ከዚያ በጣሳ ውሃ ቀዳና የመጀመሪያውን መጽሐፍ እዚያው መደርደሪያው ላይ እንዳለ ገልጦ፣ ወረቀቱን ማራስ ጀመረ።

አግዳሚው ከጀርባው ሲጥ አለ።

ዞር አለ። የማያውቃት ሴት በእትዬ አልጋነሽ ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከኋላዋ በሩ ላይ ሌላ እናት ቆማለች፤ ከእሷም ኋላ ሌላ። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሰልፉ ግን የራጉኤልን አጥር አልፎ ሄዷል።