ለሁሉም አንድ ዋጋ

ዘይነብ ከደሴ ተመድባ ገሳይ ማስተማር ስትጀምር መብራት ገና አልገባም ነበር። በአካባቢው ያለው የናፍጣ ወፍጮ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ነጂብ የሚባል ዝምተኛ ወጣት። ሌላ የሚፈልግ ደብረ ታቦር ድረስ እህሉን መጫን አለበት።

በመጀመሪያው ቀን ጤፏን ተቀብሎ ሚዛን ላይ ሲያኖር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ ዱቄቷ ሳያልቅ መመላለስ ጀመረች። ወረፋው ሲሳሳ ነጂብ ሞተሩን አጥፍቶ ያጫውታታል።

«ረመዳን ሲወጣ ሽማግሌ ደሴ ልልክ ነው» አላት አንድ ቀን፣ ዱቄት የለበሰ ቅንድቡን እየጠረገ።

«መንገዱን ያውቁታል?» አለች ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና።

ነገሩ የተበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። ከፊቷ የተሰለፉት እትዬ ፈንታነሽ፣ ባል የሞተባቸው ድሃ፣ እሷ የምታስፈጨውን ያህል አስፈጭተው የእሷን ግማሽ ከፈሉ። ዘይነብ ፊቷ ጋለ። ለካ ነጂብ ዋጋ የሚቆርጠው ፊት እያየ ኖሯል! ለደመወዝተኛና ለሆቴል ቤት ውድ፣ ለድሃ ርካሽ። «እኔንም እንደ ማንም!» አለች በሆዷ። አልጠየቀችውም። በቀበሌው ስብሰባ ተነሥታ፣

«ወፍጮው አንድ ነው፤ ዋጋውም ለሁሉም አንድ ይሁን» አለች።

ደመወዝተኛው አጨበጨበ፤ ተወሰነ። ነጂብ ከሁለቱ ዋጋ መካከል ያለውን በሩ ላይ ለጠፈ። እሷን ቀና ብሎ አላያትም።

ለዘይነብ ረከሰላት። ጥቂት ቆይቶ ግን የፈንታነሽ ልጅ አልማዝ ከክፍል ቀረች። ቤታቸው ስትሄድ ልጅቱ የድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሳለች፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሯል።

«አዲሱን ዋጋ አልቻልነውም ልጄ» አሉ ፈንታነሽ። «እኔን ወገቤ ከድቶኛል። ምን እናድርግ?»

ዘይነብ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄደች። ወረፋ የሚባል የለም።

«ድሃ እንደምትረዳ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለጽድቅ ብዬ እኮ አይደለም» አለ ነጂብ። «ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ድሃውም በአቅሙ ቢከፍል ይሻለኛል። የሚችለው ይጨምራል፣ የማይችለው ይቀንሳል፤ ሁሉም ያስፈጫል።»

«ከእኔስ? ከምትወዳት ላይ ይተረፋል?»

«ብቀንስልሽ ሰው ያወራብሻል ብዬ ፈራሁ። እሱ የኔ ጥፋት ነው። ግን ዘይነብ፣ አደባባይ ከማቆምሽ በፊት ምነው እኔን ብትጠይቂኝ?»



ቀበሌውን ተመልሳ ለመነች፤ የረከሰለትን መልሶ የሚያስወድድ ግን ማን አለ? ያኔ ያጨበጨቡላት አኮረፏት። የእነ ፈንታነሽን እህል ከራሷ ጋር እያስፈጨች አልማዝን ወደ ክፍል መለሰቻት፤ ለሌሎቹ አልደረሰችም። የነጂብ አባት «ልጄን በሰው ፊት ያዋረደች ዘንድ ሽማግሌ አልክም» አሉ። ነጂብም አልተከራከረም። ክረምቱ ሲገባ ወፍጮውን ሸጦ ሐሙሲት ወረደ።

ከዓመታት በኋላ ገሳይ መብራት ገባ፤ ሌሎችም ወፍጮ ተከሉ፤ ዋጋው ለሁሉም ወረደ። ዘይነብ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሚኒባሱ ሐሙሲት ቆመ። ነጂብ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሴት ልጁን አቅፎ ቆሟል። አይቷት ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ደህና ነሽ፣ መምህርት?»

ስሟን አልጠራም።

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት መኪናው ተነሣ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።